ከዚንክና ኮፐር ሰልፌት የሚወጣው ሙቀት አነሰብኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ክዳን ባለው የፎም ኩባያ ውስጥ 25 ሚሊ ሊትር፣ 0.2 ሞላር (በሊትር 0.2 ሞል) ኮፐር ሰልፌት፣ ማለትም የመዳብ ሰልፌት ላይ 1 ግራም ዚንክ ጨመርኩ። የሚበቃው 0.33 ግራም ገደማ ስለሆነ የዚንክ እጥረት የለም። ሙቀቱ ግን ጣሪያው ላይ የደረሰው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። የግራፉን የመቀዝቀዝ መስመር ዚንኩ እስከገባበት ቅጽበት ወደ ኋላ ስስበው ጭማሪው 8.4 ዲግሪ ይሆናል፤ የፈሳሹን 25 ግራም በውሃ የሙቀት ይዘት (4.18 ጁል በግራም በዲግሪ) እና በጭማሪው ሳባዛ 25 × 4.18 × 8.4 = 878 ጁል፣ ለ0.005 ሞል ሲካፈል 176 ኪሎ ጁል በሞል። የሚጠበቀው 218 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ጭማሪው ከ10 ዲግሪ ማለፍ ነበረበት።

የመዳብ አዮን የሚሰጠው የፈሳሹ ሰማያዊነት እስከ መጨረሻው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ዚንኩ ዱቄት ሳይሆን ፍርፋሪ ነው፤ የሚወጣው መዳብ ላዩን ሸፍኖ አጸግብሮቱን (ኬሚካዊ ለውጡን) አግዶት ይሆን? ወይስ ኩባያውና ቴርሞሜትሩ ይህን ያህል ሙቀት ይወስዳሉ? ያልተነካውን የመዳብ አዮን በቀላሉ የምለካበት መንገድ ካለ ንገሩኝ።