አንድ ቀን ስኼቨኒንገን ከእናትና ከልጆች ጋር፦ በባቡር ወይስ በመኪና? ባሕሩስ ያሰጋል?

ማዕዶት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኦገስት መጀመሪያ ላይ አምስተርዳም አራት ቀን እናርፋለን፤ አንዱን ቀን ለስኼቨኒንገን፣ ለሄግ ከተማ የባሕር ዳርቻ፣ አስበነዋል። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ልጆቹ 5 እና 9 ናቸው፣ ዋና ገና አልቻሉም። መኪና ይዘናል፤ በመኪና ይሻላል ወይስ በባቡር? ከአራቱ ቀን የትኛውን እንምረጥ? እናቴስ አሸዋ ላይ ሳትወርድ ባሕሩን የምታይበት ቦታ ይኖራል?

ዘጠኝ ቁጥር፦
መኪናውን አምስተርዳም ተዉት። ፀሐይ በወጣበት የኦገስት ቀን ወደ ባሕሩ የሚያስገቡት መንገዶች ከረፋዱ ጀምሮ ይዘጋጋሉ፤ ማቆሚያውም ውድ ነው።

ከአምስተርዳም ሴንትራል እስከ ሄግ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰው የሚምታታው እዚህ ላይ ነው፦ ሄግ ሁለት ትልልቅ ጣቢያ አላት፣ ዴን ሃኽ ሴንትራልና ሆላንድስ ስፖር። አንዳንዱ ባቡር ሴንትራል ሳይገባ በሆላንድስ ስፖር አድርጎ ወደ ሮተርዳም ያልፋል። አትደንግጡ፣ 9 ቁጥር ትራም በሁለቱም በኩል ያልፋል። «ኩርሃውስ» የሚለው ማቆሚያ ላይ ውረዱ፤ ከዚያ ባሕሩ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።

1 ቁጥርም እዚያው ይደርሳል፣ «የሰላም ቤተ መንግሥት» በሚባለው የዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሕንፃ በኩል ስለሚያልፍ መንገዱም ያምራል። ነገር ግን ለዓመታት የሠሩበት መወጣጫ ደረጃ ያላቸው አሮጌ ትራሞች ናቸው። የ9 ቁጥሮቹ ወለላቸው ከማቆሚያው እኩል ነው። ለእናትሽ ጉልበት ስትዪ 9ን ያዢ።

ክፍያው በባንክ ካርድ ነው፤ ስትገቡም ስትወጡም ማሽኑ ላይ ታስነካላችሁ። ለሁለት ሰው አንድ ካርድ አይሠራም፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ያስፈልገዋል። ሌላው ስህተት ሲገቡ በስልክ፣ ሲወጡ በፕላስቲኩ ካርድ ማስነካት ነው። የአንድ ባንክ ሒሳብ ቢሆኑም ማሽኑ የሚያያቸው እንደ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ስለሆነ፣ «ገብቶ አልወጣም» ተብሎ ተጨማሪ ይቆረጣል። ባቡር ላይ ሲሆን ደግሞ ከትራሙ ይልቅ ያማል።

የንፋስ አቅጣጫ፦
ቀኑን በሙቀቱ አትምረጡ፣ በንፋሱ ምረጡ። 24 ዲግሪ አይታችሁ ሄዳችሁ ጃኬት ልትፈልጉ ትችላላችሁ። የአየር ትንበያው ላይ ሁለት ነገር እዩ፣ ፍጥነቱንና ከየት እንደሚነፍስ።

በቦፎርት ሚዛን (የንፋስ ብርታት መለኪያ ነው) እስከ 3፣ ማለትም በሰዓት እስከ 19 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ ለልጆች ደስ የሚል ነው። 4 ሲደርስ ደረቁ አሸዋ መነሳት ይጀምራል። 5 ላይ አሸዋው የልጅ እግር ይገርፋል፣ ምግባችሁም ይንኮሻኮሻል። ያን ቀን ማዱሮዳም ይሻላል፦ አገሩን በ1፡25 መጠን አሳንሶ የሚያሳይ መናፈሻ ነው፣ ያው 9 ቁጥር በበሩ ያልፋል።

አቅጣጫውን ብዙ ሰው አያየውም። ከምዕራብ የሚመጣው ማዕበል ያመጣል፣ ግን ወደ ዳርቻው ይገፋል። ከምሥራቅ የሚመጣው ነው ተንኮለኛው። ከየብስ ስለሚነፍስ ሞቃት ነው፣ ባሕሩ ጠፍጣፋና የዋህ ይመስላል። የሚነፋ ፍራሽና ጎማ ላይ የተቀመጠን ልጅ ግን አዋቂ ዋኝቶ ሊደርስበት ከሚችለው በላይ ፈጥኖ ወደ ውስጥ ይወስደዋል። ብርቱካናማ የንፋስ ከረጢት ተሰቅሎ ካያችሁ የሚነፋ ነገር ሁሉ ውሃ አይገባም ማለት ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች፦ ቀይና ቢጫ ባንዲራ የነፍስ አድን ሠራተኞች በሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ቢጫ ብቻ ከሆነ መዋኘት አደገኛ ነው፤ ቀይ ከሆነ ክልክል ነው። ነጭ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ከሆነ የጠፋ ልጅ ተገኝቶ ጣቢያው ውስጥ አለ። ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ ንፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ፈልጉ፤ ልጆች ንፋሱን በጀርባቸው አድርገው ይሄዳሉና።

አሁን ዋናው። ከዳርቻው ትንሽ ራቅ ብሎ ውሃው ውስጥ የአሸዋ ጉብታዎች አሉ። ማዕበሉ ያመጣው ውሃ ተመልሶ የሚወጣው በጉብታዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ደቾቹ «መይ» ይሉታል። በተለይ ባሕሩ ሲሸሽ ይበረታል። አሳሳቹ መልኩ ነው፦ ግራና ቀኙ ነጭ አረፋ ሲሆን መካከሉ ጸጥ ይላል። እናት ደግሞ ልጇን የምታስገባው ጸጥ ያለው ጋ ነው! ማዕበሉ ተሰብሮ የሚያርፍበት ጥልቀት የሌለው ነው፣ ጸጥ ያለው ጥልቅና የሚጎትት ነው። አዋቂ ከተያዘ ወደ ዳርቻ አይታገል፤ ጉልበቱን ይጨርሳል። እጁን እያውለበለበ ይንሳፈፍ፣ ጉተታው ሲላላ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኝ፣ ከዚያ ማዕበል በሚሰበርበት በኩል ይመለስ። ለዋና የማይችሉት ልጆቻችሁ ደንቡ አጭር ነው፦ እስከ ጉልበት፣ አዋቂ በአንድ ክንድ ርቀት።

ቡሌቫርድ፦
ለእናትሽ አሸዋው ጨርሶ አያስፈልግም። የእግር መንገዱ (ቡሌቫርድ ይሉታል) ከባሕሩ ጋር ትይዩ የሚሄድ፣ ሰፊና ልሙጥ፣ አግዳሚ ወንበር ያለበት ነው። ከኩርሃውስ አደባባይ ስትወርዱ ደረጃውን ትታችሁ ዘንበል ያለውን መንገድ ፈልጉ። ኩርሃውስ ማለት ጉልላት ያለው ትልቁ ሆቴል ነው፤ 1885 ተከፍቶ በዓመቱ ተቃጠለ፣ 1887 እንደገና ተከፈተ። ካፌው ውስጥ ለሻይ መግባት ይቻላል።

ንፋስ ከበዛ 1961 ወደተከፈተው ድልድይ መሰል ፒር ሂዱ። የላይኛው ወለል ክፍት ነው፣ የታችኛው በመስታወት የተሸፈነ ነው፤ ካባ ሳይደረብ ባሕር ላይ መራመድ ይቻላል። ለልጆቹ የአሜሪካዊው ቀራፂ የቶም ኦተርነስ የተረት ሐውልቶች ቡሌቫርዱ ላይ ቆመዋል፣ ክፍያ የለውም። ሐሪንግ የሚባለውን ዓሣ ጭራውን ይዞ ወደ አፉ የሚያወርደውን ግዙፉን ሰውዬ አይረሱትም።

ሐሪንግ ራሱ ጥሬ ነው፣ በጨው ብቻ የበሰለ፣ ከተከተፈ ሽንኩርት ጋር። እናቶቻችን ብዙም አይደፍሩትም። «ኪበሊንግ» ይዘዙላቸው፦ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ የዓሣ ቁራጭ ነው። (ዓሣ ለፍልሰታ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አናንሳው።) ስትበሉ ግድግዳ ወይም ጃንጥላ ከኋላችሁ ይሁን። ትልልቆቹ ነጫጭ የባሕር ወፎች የሚመጡት ከጀርባ ነው፤ ቁራሹ ከሣህኑ ወደ አፍ ሲሄድ መንገድ ላይ ይነጥቁታል። የ5 ዓመት ልጅ እጅ ደግሞ ልክ በሚመቻቸው ከፍታ ላይ ነው።

ማዕዶት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጄሊፊሽ ይኖራል የሚሉም አሉ። ልጅ ቢነድፍስ?

የንፋስ አቅጣጫ፦
ይኖራል፣ በተለይ የምሥራቅ ንፋስ ለጥቂት ቀናት ከነፈሰ በኋላ። የላይኛው ውሃ ወደ ውስጥ ሲገፋ የታችኛው ወደ ዳርቻ ይመለሳል፣ እነሱንም ይዟቸው ይመጣል። ከነደፈ በባሕሩ ውሃ እጠቡት እንጂ በቧንቧ ውሃ አይደለም፤ የቧንቧው ውሃ ቆዳ ላይ የቀሩትን ያልፈነዱ መርዝ ከረጢቶች ያፈነዳቸዋል። በፎጣም አትሹት። አተነፋፈሱ ከተለወጠ ወይም ፊቱ ካበጠ የአደጋ ጊዜ ስልኩ 112 ነው። አሸዋው ላይ የሞቱትም ይነድፋሉ፣ ልጆቹ በእንጨት እየነካኩ በእጃቸው እንዳያነሱ።

ዘጠኝ ቁጥር፦
አንድ የረሳሁት፦ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፣ ሰው ሁሉ እሷን አይቶ በአንድ ጊዜ ትራም ይሞላል። ከልጅና ከእናት ጋር ስለሆናችሁ ወደ ኖርደርስትራንድ፣ ማለትም ወደ መነሻው ማቆሚያ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ተራመዱ። እዚያ ባዶ ትራም ይመጣል፣ ኩርሃውስ ላይ ግን መቀመጫ አታገኙም።