ቶከኖቼ አረንጓዴ ነገር አውጥተዋል፤ ቶሎ ድረሱልኝ!

ሰብሳቢዋ፦ እባካችሁ! የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ቶከኖቼ፣ የሲንሲናቲ ከተማ ነጋዴዎች በሳንቲም ፋንታ ያሠሯቸው የመዳብ ቁራጮች፣ አረንጓዴ ነገር አውጥተዋል። ሲነኩ ይጣበቃሉ። አንዱ ላይ የባለሱቁ ስም ግማሹ ተሸፍኗል። ቅዳሜ ላሳያቸው ቀጠሮ አለኝ። በሎሚና በጨው ልሻቸው?

ኬሚስቷ፦ በፍጹም! መዳቡን ይበላዋል። ያስቀመጥሻቸው ምን ውስጥ ነው?

የቨርጂኒያው፦ መጀመሪያ ታሪኩን እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ1861 መጨረሻ ባንኮች የወረቀት ገንዘቡን በወርቅ መመንዘር አቆሙ። በ1862 ሰው ወርቁንም ብሩንም፣ ኋላ ባለ አንድ ሳንቲሙንም ሳይቀር ደበቀ። ዝርዝር ጠፋ። በፖስታ ቴምብር መገበያየት ተጀመረ፤ ቴምብር ደግሞ በላብ ይጣበቃል። ስለዚህ ነጋዴው የራሱን ቶከን አሠራ። ኒውዮርክ ላይ ሊንደንሙለር የሚባል ቢራ ቤት ያለው ሰው ከ1 ሚሊዮን በላይ በተነ። በፈረስ የሚጎተተው የከተማ ባቡር ድርጅት የሰበሰበውን ቶከን ይዞ ቢመጣ ሊንደንሙለር አልመነዝርም አለ። በ1864 ኮንግረስ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት፣ እንዲህ ያለውን የግል ሳንቲም ከለከለ።

ቀልደኛው፦ የኛ አሞሌ ይሻላል። ቢሰበርም ወጥ ውስጥ ይገባል።

ጥርጣሬ፦ ይሄ እኮ ገንዘብ አይደለም። አንዳንዱ ላይ «አንድ ሳንቲም» ከሚለው በላይ በደቃቅ ፊደል «አይደለም» የሚል አለ። ምን ያስጨንቃል?

ሰብሳቢዋ፦ ሱቁ ዛሬ የለም። ስሙና አድራሻው ግን እዚህ መዳብ ላይ አለ። እንዴት አልጨነቅ? ያስቀመጥኳቸው ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሽታው እንደ አዲስ የሻወር መጋረጃ ነው።

እማማ፦ ልጄ፣ ሎሚና ጨው ሞክሪ። የመዳብ ድስቴን ያበራዋል።

የቨርጂኒያው፦ እማማ፣ ከላይ አይሆንም ተብሏል እኮ!

ኬሚስቷ፦ እንግዲያው ጥፋቱ የኪሱ ነው፤ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ንጹሕ አሴቶን፣ የሚያጣብቀውን የሚያሟሟ ፈሳሽ፣ ግዢ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፤ ሽቶና ቅባት አለበት። ብርጭቆ ውስጥ ንከሪያቸው። መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አጠገብ አይሁን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አሴቶኑን ቀይሪ። አትፈትጊ፤ በራሳቸው ይደርቃሉ። የድሮውን ኪስ ጣይና ፒቪሲ የሌለበት ግዢ። አረንጓዴው የማይጣበቅ፣ ነጣ ያለ ዱቄት ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው። አሴቶን አያድነውም። እሱን ከሌሎቹ ለይተሽ ደረቅ ቦታ አኑሪው።

ሰብሳቢዋ፦ የሚጣበቀው ነው! የብርጭቆው ክዳን ፕላስቲክ ቢሆንስ?

ኬሚስቷ፦ አይሆንም፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ ይሟሟና መልሶ ይበክላቸዋል። በብርጭቆ ሳህን ክደኚው።