ማታ ደህና የነበረ ባትሪ ጠዋት ወርዶ ይገኛል፤ የሚበላውን እንዴት ላግኘው?

ባለ ኮሮላው፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ 2007 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ማንዋል። አንድ ሌሊት ካደረች ሞተሪኖው እየተንቀራፈፈም ቢሆን ያስነሳታል። አርብ ማታ ቆማ ሰኞ ጠዋት ሲሆን ግን ጠቅ ብቻ ትልና ዝም፤ የሰፈር ልጆች ካልገፉልኝ ሥራ አልገባም። ባትሪው 45 አምፒር ነው፣ ገና አዲስ። አንዱ ጋራዥ ዲናሞ ቀይር አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ባትሪው አይረባም አለ። በዚህ ኑሮ ውድነት በግምት ዕቃ መቀየር አልችልም። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ 14.2 ቮልት አገኛለሁ። ቴስተር አለኝ። ከየት ልጀምር?

ኤሌክትሪሻን ሳሪስ፦
ወንድሜ፣ ዲናሞውን ለጊዜው ተወው። 14.2 ከሰጠህ እየሞላ ነው። መጀመሪያ ባትሪውንና መኪናውን ለያያቸው። ማታ አቁመህ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ ቮልቱን ለካ፣ ከዚያ የኔጌቲቩን ገመድ በ10 ቁልፍ ፈትተህ አሳድራት። ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል ማለት ነው። ገመዱ ተፈትቶ አድሮ ጠዋት ቁጥሩ ካልወረደ ባትሪህ ጤነኛ ነው፣ የሚበላው መኪናው ውስጥ አለ። ተፈትቶም ከወረደ ግን ችግሩ እዚያው ባትሪው ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ አትድከም።

ባለ ኮሮላው፦
እንዳልከኝ ፈትቼ አሳደርኩት። ማታም ጠዋትም 12.5፣ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ባትሪው አይደለም ማለት ነው። ቀጥሎስ?

ኤሌክትሪሻን ሳሪስ፦
አሁን የሚበላውን በአምፒር እንለካለን። ቀዩን የቴስተር ገመድ 10 አምፒር ከሚለው ቀዳዳ ሰካ፣ መራጩንም ወደ ዲሲ አምፒር አዙር። ኮፈኑን ክፈት፣ የሾፌሩን በር ክፈትና መቆለፊያውን በካቻቢቴ ጫን አድርገህ እንደተዘጋ አስመስለው፣ አለበለዚያ የውስጥ መብራቱ ያሳስትሃል። ቁልፉን አውጥተህ ራቅ አድርገው። ከዚያ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትተህ አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የተፈታው ገመድ ላይ አድርግ። በዚህ ሁኔታ እንዳለ መኪናዋን ለማስነሳት እንዳትሞክር፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል!

መጀመሪያ የምታየው ቁጥር ትልቅ ቢሆን አትደንግጥ። አንዳንድ ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ግማሽ ሰዓት ታገስ። ከዚያ በኋላ 0.05 አምፒርና ከዚያ በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀል፣ ቁጥሩ ዱብ ያለበት ላይ ሌባህ አለ።

ቪትዝ ነጂ፦
ጥሩ ምክር ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉንም ፊውዝ ነቅሎ ቁጥሩ አልወርድም ካለ፣ ከዲናሞው ጀርባ ያለውን ወፍራም ገመድ ፈትቶ ማየት ነው (ኔጌቲቩ ተፈትቶ እያለ ነው የሚፈታው፣ አለዚያ እሳት ይተፋል፣ ጫፉንም በናስትሮ ጠቅልለው)። ውስጡ ያለው ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ሲበላሽ ዲናሞው ቀን እየሞላ ማታ ደግሞ ሊያፈስ ይችላል፣ 14 ቮልት ሰጠ ተብሎ ነፃ አይወጣም። አላርምና ጂፒኤስም አይዘንጋ። ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከባትሪ ነው የሚገጥሟቸው፣ በፊውዝ ሳጥኑ በኩል አያልፉም።

ባለ ኮሮላው፦
ተገኘ መሰለኝ! ከግማሽ ሰዓት በኋላም 0.8 አምፒር ላይ ቆሞ ቀረ። ዶም (የውስጥ መብራት) የሚለውን ፊውዝ ስነቅል ወደ 0.03 ወረደ። ግን የውስጥ መብራቱ ጠፍቷል፣ የዕቃ መጫኛውም ጠፍቷል፣ በስልኬ ካሜራ እየቀረጽኩ ዘግቼ አይቼዋለሁ። ሌላ ምን አለበት እዚያ መስመር ላይ?

ኤሌክትሪሻን ሳሪስ፦
ቴፑ። የፋብሪካው ነው ወይስ በኋላ የተገጠመ ስክሪን ነው? ስክሪን ከሆነ አውጥተህ ከኋላው ያሉትን ሽቦዎች ተመልከት። ቢጫው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው፣ ሰዓቱንና የመረጥካቸውን ጣቢያዎች እንዲያስታውስ። ቀዩ ደግሞ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው ኤሌክትሪክ ማግኘት ያለበት። የሚቸኩል ገጣሚ ሁለቱን አንድ ላይ ይጠመዝዛቸዋል። በራሱ በስክሪኑ ማጥፊያ ስታጠፋው ፊቱ ይጨልማል እንጂ ውስጡ አይተኛም። ደሞ ቁጥሩም ይገጥማል፦ 0.8 በ12 ሰዓት ሲባዛ ወደ 10 አምፒር ሰዓት ነው፣ ለዚህ ነው በአንድ ሌሊት የምትንቀራፈፈው። ከአርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት በለው፣ 48 ይሆናል። ባትሪህ ያለው 45 ነው።

ባለ ኮሮላው፦
ስክሪን ነው፣ የተገጠመውም በቅርቡ ነው። ዳሽቦርዱን ፈታሁት፤ ቀዩና ቢጫው አንድ ላይ ተጠምዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል፣ ልክ እንዳልከው። ለያይቼ ቀዩን ቁልፍ ሲዞር 12 ቮልት ሲጠፋ ዜሮ ከሚያሳይ ሽቦ ጋር አገናኘሁት። አሁን ቴስተሩ ከ0.05 በታች ይላል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ለዲናሞ ልከፍል የነበረው ብር ኪሴ ቀረ።

ኤሌክትሪሻን ሳሪስ፦
አሜን፣ እንኳን ደስ አለህ። ባትሪው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ስለሆነ አንድ ሌሊት ቻርጀር ላይ በቀስታ አስሞላው፣ በአዲስ አበባ ትራፊክ አጭር መንገድ እየሄድክ አይሞላም። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነም ክዳኖቹን ክፈትና ደረጃውን እይ፤ ከጎደለ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምርበት፣ የቧንቧ እንዳይሆን።