አንድ ሰርቨር፣ አራት የሥራ ክፍሎች፦ ወጪውን በምን ለክተን እናካፍል?

ጠያቂ፦
ባለ 16 ኮር የሊኑክስ ሰርቨር ፋይናንስ፣ የሰው ሀብት፣ ሽያጭና መጋዘን ይጋሩታል። ወጪው በየወሩ እንደ አጠቃቀማቸው ይከፋፈል ተብሏል። በፒኤስአክት (psacct፣ እያንዳንዱ የሚሠራ ፕሮግራም ወይም ፕሮሰስ የፈጀውን የሚመዘግብ መሣሪያ) የየዩዘሩን የሲፒዩ ጊዜ ሰበሰብኩ። ግን ቶፕ (top፣ አሁን የሚሠሩትን ፕሮሰሶች በሲፒዩ ፍጆታ ደርድሮ የሚያሳይ ትእዛዝ) ላይ ቀኑን ሙሉ አናት ላይ የሚታየው የመጋዘን ሰርቪስ ሪፖርቱ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ምን አጠፋሁ?

ኮር16፦
ምንም። ፒኤስአክት የሚመዘግበው ፕሮሰሱ ሲዘጋ ነው። ለሳምንታት ሳይቆም የሚሠራ ሰርቪስ እስኪዘጋ አይታይም፤ በተዘጋ ቀን ደግሞ የከረመው ሁሉ ባንድ መስመር ይወርዳል።

በሲስተምዲ (systemd፣ የሊኑክስ ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው) ለየክፍሉ አንድ ስላይስ (ፍጆታቸው ባንድ ላይ የሚቆጠር የሰርቪሶች ቡድን) ፍጠርና ሰርቪሶቹን እዚያ ስር አስገባ። ከዚያ በክሮን (cron፣ ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሳ) በየ5 ደቂቃው የየስላይሱን ሲፒዩ.ስታት (cpu.stat) ፋይል አንብብ። እዚያ ያለው ዩሴጅ_ዩሴክ (usage_usec፣ እስካሁን የተፈጀው የሲፒዩ ጊዜ) በማይክሮ ሰከንድ ነው፤ የሁለት ንባብ ልዩነት ለ3,600,000,000 ሲካፈል ኮር-ሰዓት (አንድ ኮር ለአንድ ሰዓት ሲሠራ) ይሆናል። ወር ጠብቀህ አንዴ ብቻ እንዳታነብ፤ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ቆጣሪው ከዜሮ ይነሳል። አዲሱ ንባብ ከቀድሞው ካነሰ ሳትቀንስ እንዳለ ደምረው።

ማታ_ፈረቃ፦
ሜሞሪም የምታስከፍል ከሆነ ሜሞሪ.ከረንትን (memory.current፣ ስላይሱ አሁን የያዘው ጠቅላላ ሜሞሪ) አትመን። የፋይል ካሽ (ከዲስክ ሲነበብ ሜሞሪ ላይ የቀረ የፋይል ቅጂ) አብሮ ይቆጥራል፤ ሌሊት በስላይሱ ስር ባክአፕ የተወሰደለት ክፍል ጠዋት ሜሞሪ የበላ ይመስላል። ሜሞሪ.ስታት ውስጥ አኖን (anon፣ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ለሥራቸው የያዙት) የሚለውን መስመር ውሰድ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ፖስትግሬሱ (ዳታቤዙ) ግን አንድ ነው፣ አራቱም ይጠቀሙበታል።

ማታ_ፈረቃ፦
ለየክፍሉ የራሱ የዳታቤዝ ዩዘር ስጥ። ፒጂ_ስታት_ስቴትመንትስን (pg_stat_statements፣ የየኩዌሪውን ማለትም ለዳታቤዙ የሚላከውን ጥያቄ ጊዜ የሚመዘግብ የፖስትግሬስ ተጨማሪ) አብራና ጠቅላላውን የኤክስኪዩሽን ጊዜ በዩዘር ደምር። ጊዜው ዲስክና ሎክ (ሌላ ኩዌሪ የያዘው ዳታ እስኪለቀቅ) የተጠበቀበትንም ይጨምራል፤ ስለዚህ እንደ ሲፒዩ ሰዓት አታስከፍልበት፣ የዳታቤዙን ስላይስ ሲፒዩ ለማከፋፈያ ድርሻ ብቻ አድርገው። በነባሪ የሚይዘው 5,000 ዓይነት ኩዌሪ ነው፤ ሲሞላ ብዙ ያልተጠሩት ይወጣሉ። አፕሊኬሽኑ ለሁሉም ባንድ ዩዘር የሚገባ ከሆነ ግን ይህም አይሠራም።

ኮር16፦
ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከልኬቱ ሳይሆን ከዋጋው ነው። 16 ኮር በ730 ሰዓት 11,680 ኮር-ሰዓት ነው። የተጠቀማችሁት 3,000 ቢሆንና ወጪውን ለ3,000 ብታካፍሉት፣ ሽያጭ ሥራ በቀነሰ ወር መጋዘን ምንም ሳይጨምር ሂሳቡ ያብጣል። የኮር-ሰዓቱን ዋጋ በዓመቱ መጀመሪያ ቁረጡት፤ ሥራ ፈቶ የዋለው አቅም በአይቲ በጀት ይያዝ። አለዚያ ግማሹን ለክፍሉ በተያዘ ኮር፣ ግማሹን በአጠቃቀም አስከፍሉ። ምክንያቱም ደመወዝ የሚሠራው በወር ሁለት ቀን ቢሆንም ያን ሁሉ ኮር ያስገዛው እሱ ሊሆን ይችላል።