መረሬ አፈር ላይ የተኛው ውሃ ነጭ ሽንኩርቴን እየጨረሰብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖቼ። አቃቂ ዳር፣ ከከተማው ወጣ ባለ ሩብ ሄክታር መሬት ላይ ነጭ ሽንኩርት ተክያለሁ። የማጠጣው ከራሴ ጉድጓድ በሞተር እየሳብኩ ነው፤ የወንዙን ውሃ የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚገባበት ለምግብ አትክልት አላውለውም።

አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። መጀመሪያ የለቀቅኩት ውሃ በስንጥቁ ይሰርጋል፤ አፈሩ ሲያብጥ ግን ይዘጋና ጠብታ አላሳልፍ ይላል። ባለፈው ሳምንት እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ ሞላሁበት፤ በማግስቱ ጠዋት አራት ጣት ብቻ ጎድሎ አገኘሁት። ከሥሩ ያወጣሁትን እርጥብ አፈር በመዳፌ ሳድበለብለው እንደ ሊጥ ተሳበ፤ ሳይበጠስም ቀለበት ሆነ።

አሁን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው። አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥሩ ቡናማ ሆኖ የረግረግ ሽታ አለው፤ አየር አጥቶ ታፍኗል። እኔ ግን ቢጫነቱን የውሃ ጥም መስሎኝ በየሦስት ቀኑ ሳጠጣው ከረምኩ። በጣም ይቆጨኛል።

80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከፍ ያለ መደብ፣ በመደብና በመደብ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ እየተዉ ማውጣት ለመረሬ እንደሚበጅ አውቃለሁ፤ ግን ተክሉ ከቆመ በኋላ እንዴት ይሠራል? ቦዩን ብቻ ባጠልቀው ይበቃል? ማሳው ሜዳ ነው፤ ትንሽ የሚያዘቀዝቀው ወደ ጎረቤቴ ሽምብራ ነው፤ በእርሱ ላይ ውሃ መልቀቅ ደግሞ ነውር ነው። ታች ጥጉ ላይ ማጠራቀሚያ ብቆፍር ያዋጣል? የማጠጫውንስ ቀን በምን ትለያላችሁ? በመረሬ ላይ ያለማችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።