ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ካጣራ ሽንት ለምን አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ይሆናል?

የ11ኛ ባዮሎጂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደማችን ራሱ 5 ሊትር ገደማ ነው፤ 180 ሊትሩ ከየት መጣ? ደግሞስ ብዙ ውሃ መጠጣት ኩላሊትን ያጥባል የሚባለው እውነት ነው?

ኔፍሮን፦
ያው ደም ደጋግሞ ስለሚያልፍ ነው። የሚጣራው ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ነው፤ እሱ 3 ሊትር ያህል ስለሆነ በቀን 60 ጊዜ ይጣራል ማለት ነው (በደቂቃ 125 ሚሊ ሊትር)። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላ ነው። ኩላሊት ቆሻሻን እየለቀመ አያወጣም። የደም ሴልና ትልልቅ ፕሮቲን ሲቀሩ ሁሉንም ወደ ቱቦው ያፈስና የሚፈለገውን መልሶ ይወስዳል። የመጀመሪያው ጥምዝ ቱቦ ብቻውን ከውሃውና ከሶዲየሙ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይመልሳል፤ ስኳሩንም ከሞላ ጎደል በሙሉ። የደም ስኳር ከ180 ሚ.ግ./ዴ.ሊ. ገደማ ሲያልፍ ግን መመለሱ ከአቅሙ በላይ ይሆናል። የተረፈው ስኳር ውሃ ይዞ ይወጣል፤ የስኳር ሕመምተኛ ቶሎ ቶሎ የሚሸናውና የሚጠማው ለዚህ ነው። ክሬቲኒንን (ከጡንቻ የሚመጣ ቆሻሻ) ግን ቱቦው አይመልሰውም፤ ላቦራቶሪ የኩላሊትን ማጣራት ለማወቅ እሱን የሚለካው ለዚሁ ነው።

ላብ ቴክ፦
ስለ ማጠቡ፦ አያጥብም። ዩሪያውም (ከፕሮቲን የሚመጣው ቆሻሻ) ጨውም ተደምሮ በቀን መውጣት ያለበት 600 ሚሊኦስሞል (የሟሟ ነገር ብዛት መለኪያ) ገደማ ነው። ኩላሊት ሽንትን በሊትር እስከ 1,200 ድረስ ማወፈር ስለሚችል ግማሽ ሊትር ሽንት ይበቃዋል። ከዚያ ካነሰ ቆሻሻው ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ብዙ ሲጠጣ ደግሞ ኩላሊት ውሃ እንዲያስቀር የሚያዘው ኤዲኤች የተባለው ሆርሞን ይቀንስና ሽንቱ ይቀጥናል እንጂ የሚወጣው ቆሻሻ ያን ያህል አይጨምርም። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ለብቻው ነው፤ እሱ በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል እንዲሸና አድርጎ መጠጣት አለበት።

ፋርማሲ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ከውሃው ይልቅ ማስታገሻው ነው። ተቅማጥና ትውከት ላይ ያለ ሰው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ የለበትም። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገባው ቧንቧ እንዳይጠብ የሚከላከለው ሰውነት ራሱ የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ እሱን ያግዳሉ። ቧንቧው ሲጠብ ግፊቱ ይወርድና ማጣራቱ ይዳከማል። በልክ የተወሰደ ፓራሲታሞል ይሻላል። የወጣውን ለመተካት አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (የስኳርና የጨው ዱቄት) በከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን (አብዛኛውን ጊዜ 1 ሊትር) ንጹህ ውሃ መበጥበጥ ነው። ከጠፋ በ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ይስተካከል፣ አይቆለል። ሽንት ለሰዓታት ከጠፋ ግን ቤት መቀመጥ አይገባም።

የ11ኛ ባዮሎጂ፦
ጨውስ ገባኝ፤ ስኳሩ ምን ይሠራል?

ኔፍሮን፦
አንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምና ስኳር ተያይዘው የሚገቡበት በር አለ፤ ውሃው ይከተላቸዋል። ኩላሊት ስኳር የሚመልስበትም የዚሁ በር ዘመድ ነው። ለስላሳ መጠጥ የማይመከረውም ስኳሩ ከልክ ስለሚያልፍ ነው፤ ውሃ ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሰዋል።