«ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ» ስላቸው ይጮኻሉ፤ ምን ላድርግ?

የቆጪዋ አስተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ሙዚቃ አስተምራለሁ፤ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 10 ነው። ያለን አንድ ክራርና አንድ አሮጌ ኪቦርድ ነው። ወደ ላይኛው ኖታ እንዲወጡ ፈልጌ «ከፍ አድርጉ» ስላቸው ይጮኻሉ። ከዶ እስከ ሶል ያለው የኖታ ርቀት ለምን «አምስተኛ» እንደሚባልም ማስረዳት አቃተኝ፤ «አራት እርምጃ ነው» ይሉኛል። እባካችሁ እርዱኝ።

ባለ ክራሩ፦
እህቴ፣ ልጆቹ አልተሳሳቱም። በእኛ ቋንቋ ድምፅ ከፍ ማድረግ ጮክ ማለት ነው። እኔ «ቀጭንና ወፍራም» ነው የምለው። ቀጭን ድምፅ ያለውን ክር በቀስታ፣ ወፍራሙን በኃይል ምቺላቸው፤ ልዩነቱን ወዲያው ይይዙታል።

የፊዚክስ መምህር፦
ቅጥነቱ የሚመጣው ከርግብግቢቱ ፍጥነት ነው። መቃኛ የሚሆነው «ላ» የሚባለው ኖታ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል፤ 880 ሲሆን ያው «ላ» አንድ ኦክታቭ (እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ኖታ ያለው ርቀት) ቀጥኖ ይሰማል። በጠርሙስ አሳዪያቸው፤ ውሃው ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል።

የጅሬን ልጅ፦
መምህር፣ ጠርሙሱ ሲነፋ ልክ ነዎት፤ የሚርገበገበው ከውሃው በላይ ያለው አየር ነውና። በማንኪያ ሲመታ ግን ጠርሙሱ ራሱ ከነውሃው ስለሚርገበገብ ውሃ ሲበዛ ይወፍራል። እኔ ሁለቱን በአንድ ቀን አሳይቼ ልጆቹን ግራ አጋብቻለሁ። እህቴ፣ በአንዱ ጀምሪ።

ኪቦርድ ነኝ፦
ስለ አምስተኛው፦ መነሻውም ይቆጠራል። ቅዳሜ ላይ ሆነን «የዛሬ ስምንት» ስንል ቀጣዩን ቅዳሜ ማለታችን አይደል? የሚያልፈው ሰባት ቀን ነው፤ ግን ዛሬንም ቆጥረናል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፦ አምስት። ኦክታቭም እንደዚሁ ስምንተኛ ነው። አምስት ልጆች አሰልፈሽ የኖታ ስም ስጫቸው፤ ራሳቸውን ይቁጠሩ።
ግማሽ ድምፅ (ከአንድ ቁልፍ እስከ አጠገቡ ያለው ርቀት) ሌላ ቆጠራ ነው፤ ጥቁሩንም ነጩንም ቁልፍ ሳትዘይ ትሄጃለሽ። ከዶ እስከ ሶል 7፣ እስከ ላይኛው ዶ 12 ይሆናል። ከሚ ወደ ፋና ከሲ ወደ ዶ መሐል ጥቁር ስለሌለ አንድ ብቻ ነው። ሁለቱን ቆጠራ በተለያየ ሳምንት አስተምሪ።

ባለ ክራሩ፦
የትዝታን ቅኝትም ሞክሪበት፤ ጆሯቸው ያውቀዋል። ሜጀር የሚባለው ዓይነቱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ ወደ ላይኛው ዶ ደግሞ 3።

የቆጪዋ አስተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! «የዛሬ ስምንት»ን ለቅዳሜ ይዣለሁ። ግን ክራሬ ባለ 6 ክር ነው፤ ትዝታ አምስት ድምፅ ከሆነ ስድስተኛው ክር ምን ይሆናል?

ባለ ክራሩ፦
የዶ ኦክታቭ አድርገሽ ቃኚው። ሁለቱን ዶዎች አንድ ላይ ምቺና «አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» በያቸው።